ፒክአፑ ከፍ ብሎም ጎማው ለምን ይነካል? የ26 መልሶች ክር

ጥያቄውን የጣለው ሰው መኪናውን በቁጥር ነው የገለጸው፤ ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄው ስር የተደረደረው የመልስ ሰንሰለት፣ ቶሎ ወደ ቁም ነገር የገባውም ለዚህ ይመስላል። ፒክአፑ ባለ ሁለት ረድፍ ካቢን ነው፣ በአራቱም ጎማ ይነዳል። ፊቱ ላይ ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙ ክንዶች፣ የላይና የታች ብራቾ፣ እና ሞላው ሾኩን (ንዝረት ማብረጃውን) የከበበ ኮይልኦቨር አለው፤ ኋላው ባሌስትራ ነው። ከሾኩ ራስ በላይ 25 ሚሊ ሜትር ስፔሰር (ማራቂያ ቁራጭ) ገብቶ ፊቱ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ተነስቷል። ጎማው ከ265/65 አር 17 ወደ 285/70 አር 17 ተቀይሯል። ቸርኬው ከ7.5 ኢንች ስፋትና ከፕላስ 30 ኦፍሴት ወደ 8.5 ኢንችና ወደ ዜሮ ኦፍሴት ሄዷል። ኦፍሴት ቸርኬው የሚታሰርበት ፊት ከቸርኬው ስፋት መሐል በሚሊ ሜትር የሚርቀው ነው፤ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። አራት ጎማ፣ አራት ቸርኬ።

ችግሩ ሦስት መልክ አለው። መሪው እስከ መጨረሻው ዞሮ ወደ ኋላ ሲነዳ ጎማው ከበስተኋላው ያለውን የካቢን መቀመጫ፣ ማለትም ካቢኑ ሻንሲው ላይ ያረፈበትን ብራኬት፣ ይፍቃል። ጉድጓድ ሲመታ የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ ይበላል። አንዱ ጎማ አየር ላይ ሲንጠለጠል ደግሞ ብረት ብረትን ሲመታ ይሰማል። ጠያቂው ማወቅ የፈለገው ሌላ 25 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ቢደረብ ሦስቱም ይጠፉ እንደሆነ ነው።

መልስ 1 እና 2

ሁለቱም ጨዋ፣ ሁለቱም አጭር፣ ሁለቱም የተሳሳቱ። የመጀመሪያው ጠያቂውን አንቱ እያለ ስፔሰሩን እንዲደርብ መከረ። ሁለተኛው በሐሳቡ ተስማምቶ ከስፔሰር ይልቅ ረጅም ሞላ ይሻላል አለ። የሞላው ምክር ብቻውን ሲታይ መጥፎ አይደለም፤ ግን ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ አይሆንም።

መልስ 3

ክሩን ያዞረው ይሄ ነው። መኪና ማንሳት የሚቀይረው መኪናው ቆሞ ሳለ ጎማው የሚገኝበትን ቦታ ብቻ እንደሆነ ያስረዳል። ጎማው ጉድጓድ መትቶ ሽቅብ ሲወጣ የት ድረስ እንደሚደርስ የሚወስነው ሻንሲው ላይ ያለው ማስቆሚያ ላስቲክ፣ ባምፕ ስቶፑ ነው። ባምፕ ስቶፑ ካልተቀየረ ጎማው መኪናው ሳይነሳ በፊት ይደርስበት የነበረው ቦታ አሁንም ይደርሳል፤ ልዩነቱ እዚያ ለመድረስ ረዘም ያለ መንገድ መሄዱ ነው። ስለዚህ ቆሞ ሲታይ ሰፊ የሚመስለው ክፍተት ያታልላል። መለካት ያለበት ሰስፔንሽኑ እስከ ጥጉ ተጨቁኖ መሪው ዳር እስከ ዳር ሲዞር ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሁሉ፣ የተስማማውም የተቆጣውም፣ እየተመለሰ የሚነካካው ይህንን አንቀጽ ነው።

መልስ 4

ሒሳቡን ሠራ። የድሮው ጎማ ዲያሜትር 776 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአዲሱ 831። ራዲየሱ 27 ሚሊ ሜትር አድጓል ማለት ነው፤ ይህም ወደ ላይም፣ ወደ ፊትም፣ ወደ ኋላም ነው። ወደ ጎን ሲታይ አዲሱ ጎማ ከድሮው 40 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቷል፤ ከዚህ ውስጥ 30ው ከኦፍሴቱ፣ 10ሩ ከጎማው ስፋት የመጣ ነው። በውስጥ በኩል፣ ከላይኛው ብራቾ አንጻር፣ ክፍተቱ በ20 ሚሊ ሜትር ሰፍቷል።

የካቢን መቀመጫው ለምን እንደሚነካ ያሳየበት ስሌት ደግሞ ግሩም ነው። መሪው ሲጠመዘዝ ጎማው የሚዞረው በራሱ መሐል አይደለም፤ ላይኛውንና ታችኛውን ቦል ጆይንት (በብራቾዎቹ ጫፍ ያሉትን ተዟዟሪ መገጣጠሚያዎች) በሚያገናኘው መስመር ዙሪያ ነው። ቸርኬው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ጎማው ከዚያ መስመር ይርቃል፣ የሚያዞረውም ክብ ይሰፋል። የቀኝ ጎማ ወደ ቀኝ ሲዞር መሐሉ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የኋላ ጠርዙ ደግሞ ወደ ውስጥ፣ ወደ ካቢን መቀመጫው ይዞራል። 35 ዲግሪ ላይ የ30 ሚሊ ሜትሩ የኦፍሴት ለውጥ ብቻውን ጎማውን 17 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይገፋዋል። 27 ሲደመር 17፣ 44 ሚሊ ሜትር። ፋብሪካው በዚያ በኩል ይህን ያህል ትርፍ ቦታ እምብዛም አይተውም።

መልስ 5 እና 6

አምስተኛው ሦስተኛውን ተቃወመ፤ ተቃውሞው ዋዛ አይደለም። ስፔሰሩ ከሾኩ ራስ በላይ ስለሆነ ሾኩን በ25 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ያወርደዋል፤ ስለዚህ ብራቾው ባምፕ ስቶፑ ጋ ሳይደርስ ሾኩ ውስጡ ሊዘጋ ይችላል። ያኔ ጎማው ድሮ የሚደርስበት ቦታ አይደርስም፣ ሦስተኛው መልስም ለዚህ መኪና አይሠራም የሚል ነው።

ስድስተኛው በፊዚክሱ ተስማምቶ በመደምደሚያው አልተስማማም። ሾክ መኪናን ለማስቆም የተሠራ ዕቃ አይደለም። በየጉድጓዱ ፒስተኑ ታችኛውን ቫልቭ እየመታ ከተጓዘ መጀመሪያ ዘይት ያልባል፣ ቀጥሎ ዘንጉ ይጎብጣል፣ ወይም የላይኛው መቀመጫ ይሰነጠቃል። ጎማው እንዳይነካ ሾኩን መሥዋዕት ማድረግ ነው። ሌላ 25 ቢደረብ ይህ ጉዳት በእጥፍ ይቀርባል። ስፔሰሩ የግድ ከሆነ ባምፕ ስቶፑ ሾኩ ከመዘጋቱ በፊት እንዲነካ ተመጣጣኝ ውፍረት ሊታከልበት ይገባል፤ የተሻለው ግን ስፔሰሩን አውጥቶ ለዚያ ከፍታ የተሠራ ረዘም ያለ ሾክ ከሞላው ጋር መግጠም ነው።

ሁለቱ ትክክል ሆነው የተጣሉበት ቦታ ነው። አምስተኛው በኋላ ተመልሶ መጥቶ አመሰገነ፤ በክሩ ውስጥ ከተከራከሩት እንዲህ ያደረገ እሱ ብቻ ነው።

መልስ 7

የብረቱን ድምፅ ብቻ አንስቶ ምንጩን ነገረ። ከላይ የተጫነ ስፔሰር ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ብራቾዎቹን ከድሮው በታች ያወርዳል፣ በጎማው ላይ ሲለካ ተጨማሪ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ። የላይኛው ብራቾ በዚያ አቅጣጫ ሲወርድ የውስጥ ጠርዙ ሞላውን ይመታል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ መኪናውን በሻንሲው አንስቶ ጎማው ሲንጠለጠል በባትሪ መብራት ብራቾውና ሞላው የሚቀራረቡበትን ማየት። ቀለሙ የተላጠ፣ የሚያብለጨልጭ መስመር በሞላው ላይ ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው። መፍትሔው ወይ ለሞላው ቦታ የሚተው ጠባብ የላይኛው ብራቾ፣ ወይ መውረዱን የሚገታ ማሰሪያ ቀበቶ፣ ወይ ስፔሰሩን ማውጣት። ብራቾውን በግራይንደር መሞረድ ግን በፍጹም አይሞከርም፤ ጎማውን የያዘ ዕቃ ነው።

መልስ 8

ጠያቂው እንዴት ልለካ ብሎ ሳይጠይቅ የመጣ መልስ ነው፤ የክሩ ረጅሙና ጠቃሚው። እዚህ ባጠረ መልኩ እንዲህ ይሄዳል።

መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም በኩል ይለካል፣ ይጻፋል። ፊቱ በክሪክ ተነስቶ ሻንሲው በሁለት ጠንካራ ስታንድ ላይ ያርፋል፤ ክሪኩ ብቻውን አይታመንም። የፊት ጎማዎች ይወልቃሉ፣ የባላንስ ባሩ (መኪናው እንዳያጋድል ግራና ቀኝን የሚያያይዘው ዘንግ) ማያያዣዎች በሁለቱም በኩል ይፈታሉ። ከዚያ ኮይልኦቨሩ ይወጣል፦ ከላይ ሦስት ዳዶ፣ ከታች አንድ ትልቅ ብሎን። ከሦስቱ መሐል ያለው ወፍራም ዳዶ አይነካም፤ ሞላውን ጨቁኖ የያዘው እሱ ነው፣ ሞላው በማጥበቂያ ሳይያዝ ከተፈታ ሰው ይገድላል።

ኮይልኦቨሩ ከወጣ በኋላ ጎማው ባዶውን መልሶ ይታሰራል። አሁን በታችኛው ብራቾ ስር በገባ ክሪክ ጎማውን እንደልብ ወደ ላይ መውሰድ ይቻላል። በየ20 ሚሊ ሜትሩ ይቆማል፣ መሪው ከዳር እስከ ዳር ይዞራል፣ የሚነካው ቦታ ምልክት ይደረግበታል። ባምፕ ስቶፑ ሲነካ መቆም የለበትም፤ ላስቲኩ በመንገድ ላይ ቁመቱን ግማሽ ያህል ይጨቆናልና መኪናው ከስታንዱ መነሳት ሊጀምር እስኪል ድረስ ቀስ ተብሎ ይገፋል። የሚጠረጠረው ቦታ ላይ ሁሉ ጠመኔ ይቀባል፣ ጎማው ላይ የሚገኘው ነጭ መስመር የት እንደነካ፣ ምን ያህል እንደነካ ይናገራል። ጎማው ሳይነካ ቢያልፍም ከ10 ሚሊ ሜትር ያነሰ ክፍተት እንደነካ ይቆጠራል፤ ጎማ በፍጥነት ሲሽከረከር ይሰፋል፣ ጎሚኒዎችም (የብራቾው መገጣጠሚያ ላስቲኮች) ይሳባሉ፣ ጭቃም ይይዛል።

መልስ 9

ለስምንተኛው አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረ፤ ይህን ያላነበበ ሰው ሥራውን ባይጀምር ይሻላል። ኮይልኦቨሩ ሲወጣ ብራቾው ወደ ታች እንዳይወርድ የሚይዘው ነገር የለም፤ ሾኩ ነበር ገደቡ። ክሪኩ ከስር ከተነሳ ብራቾው በራሱ ክብደት ወርዶ የሲቪ አክስሉን (ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰውን ዘንግ) የውስጥ ጆይንት ሊያላቅቀው፣ የፍሬን ቱቦውንና የኤቢኤስ ሽቦውን ሊበጥስ ይችላል። ስለዚህ በሥራው ጊዜ ሁሉ ክሪኩ ከታችኛው ብራቾ ስር አይወጣም። ቱቦውና ሽቦው ደግሞ ኮይልኦቨሩ ተመልሶ ከገባ በኋላ፣ ጎማው ሙሉ በሙሉ ተንጠልጥሎ መሪው ሁለቱም ዳር ሲደርስ ለብቻቸው ይታያሉ። ቱቦው ክር ሆኖ ከተወጠረ ብራኬቱ ዝቅ ይደረጋል ወይም ረጅም ቱቦ ይገባል።

መልስ 10 እና 11

አሥረኛው ጠያቂው ራሱ ነው፤ አመስግኖ በሳምንት ውስጥ ለክቶ እንደሚመለስ ቃል ገባ። አሥራ አንደኛው ግን ይህን ሁሉ ሥራ ፈትነት አለው። ፕላስቲኩን ነቅሎ መጣል፣ ላሜራውን በመዶሻ መደቆስ፣ ከዚያ መንዳት። ስሜቱ ይገባል፤ ግን ፕላስቲኩ የሚከላከለው ለመልክ ሲባል አይደለም። ከጀርባው የሽቦ ጥቅሎች፣ አንዳንዴም የኤሲ ቧንቧ ወይም የመስታወት ውሃ ታንከር አለ። ጎማው የሚወረውረው ጠጠርና ጭቃ በቀጥታ እዚያ ያርፋል።

መልስ 12

ቸርኬው ላይ አተኮረ። ዜሮ ኦፍሴት ለዓይን ደስ ይላል፣ ግን የዚህ መኪና ችግር ግማሹ እሱ ነው ይላል። በዚያው 8.5 ኢንች ቸርኬ ኦፍሴቱ ፕላስ 25 ቢሆን ጎማው ከድሮው 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ይወጣል፣ መሪው ሲዞር ወደ ኋላ የሚገፋውም 17 ሳይሆን 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በውስጥ በኩል ከድሮው 5 ሚሊ ሜትር ይጠብባል፤ ላይኛው ብራቾ ጋ ጣት የሚያስገባ ክፍተት መቅረቱን ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛው አማራጭ ጎማውን ወደ 265/70 አር 17 መመለስ ነው፤ ዲያሜትሩ 803 ስለሆነ ራዲየሱ የሚያድገው በ13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በብሎን የሚታሰር የቸርኬ ስፔሰር ግን በተቃራኒው ይሠራል፤ ጎማውን ይበልጥ ወደ ውጭ ያወጣዋል።

አንድም ላሜራ ሳይቆረጥ ችግሩን ግማሽ የሚያደርስ ምክር እስከዚህ ድረስ ይህ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ማንም አልተከተለውም። ቸርኬ የተገዛው ለመታየት ነው፣ ማን ይመልሰዋል።

መልስ 13፣ 14 እና 15

እዚህ ነው አንቱታው የቀረው። አሥራ ሦስተኛው ከመኪናው መነሳት ጋር ካስተር (የሁለቱ ቦል ጆይንቶች መስመር ከላይ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ማዕዘን) እንደሚጠፋ፣ መሪውም እንደሚቀልና መኪናው በፍጥነት እንደሚባዝን ጻፈ፤ እዚህ ድረስ ትክክል ነው። ቀጥሎ ግን ካስተር የሚጨምር የላይኛው ብራቾ ቢገጠም ጎማው ወደ ፊት ሄዶ ከካቢን መቀመጫው ይርቃል አለ።

አሥራ አራተኛው በዚህ ላይ ጨከነበት። የላይኛው ብራቾ ካስተር የሚጨምረው የላይኛውን ቦል ጆይንት ወደ ኋላ በመውሰድ ነው። የጎማው መሐል በሁለቱ ቦል ጆይንቶች መካከል ስለሚገኝ እሱም በጥቂቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጎማውን ወደ ፊት የሚወስደው የታችኛው ብራቾ ነው፦ የፊተኛው ካም ብሎን (ሲዞር የብራቾውን ስር የሚያንቀሳቅስ ብሎን) ወደ ውስጥ፣ የኋለኛው ወደ ውጭ ሲዞር ታችኛው ቦል ጆይንት ወደ ፊት ይሄዳል፣ ካስተርም አብሮ ይጨምራል። ይህን ሳያውቁ ብራቾ ማስገዛት ሰውን ማክሰር እንደሆነ በቁጣ ነገረው፤ ቃሉም አንተ ነበር፣ ድምፁም አንተ ነበር።

አሥራ አምስተኛው ገላገለ። ሁለቱም ዕቃዎች አብረው ቢሠሩ ይበጃል፦ አዲሱ የላይኛው ብራቾ ካምበሩን (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበትን ማዕዘን) ይዞ በቂ ካስተር ሲሰጥ የታችኛው ካም ጎማውን ወደ ፊት ለመግፋት ነጻ ይሆናል። አላይመንት (የጎማ ማዕዘን ማስተካከያ) ለሚሠራው ባለሙያ በግልጽ መነገር ያለበትን ዘረዘረ፦ ካስተር ከ3 እስከ 4 ዲግሪ፣ ግራና ቀኝ የተቀራረበ፣ ለዚህም ቅድሚያ ለታችኛው ካም። ይህ ካልተነገረ ማሽኑ አረንጓዴ እስኪያሳይ ብቻ አስተካክሎ ይሸኛል። የካም ብሎኖቹ ዝገው ከጎሚኒው የውስጥ ብረት ጋር ተጣብቀው ሊገኙ ስለሚችሉም ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት የዝገት ማላቀቂያ ዘይት መርጨት፣ ከመፍታትም በፊት ያሉበትን ቦታ በቀለም ምልክት ማድረግ ተገቢ ነው አለ። እምቢ ካሉ ብሎኑ ይቆረጣል፣ ጎሚኒውም አብሮ ይቀየራል፤ ለዚህ ዕቃ ሳይዙ መጀመር መኪናውን በስታንድ ላይ ማሳደር ነው።

መልስ 16፣ 17 እና 18

ስለ ዲፍሬንሻል ማውረጃ የተነሳ ክርክር ነው፤ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ያለ። አሥራ ስድስተኛው የፊት ዲፍሬንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው) በ25 ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢደረግ የሲቪው ማዕዘን ይቀንሳል አለ። አሥራ ሰባተኛው ከተለመዱት ማውረጃዎች ብዙዎቹ የዲፍሬንሻሉን የፊት መያዣ ብቻ ስለሚያወርዱ ዲፍሬንሻሉ ይጋደላል እንጂ ሲቪው የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ነው፣ ከታች ያለው መከላከያ ብረትም ይወርዳል ሲል አጣጣለው። አሥራ ስምንተኛው ክርክሩን ትቶ ምልክቱን አሳየ፦ ጎማው ተንጠልጥሎ የሲቪው ላስቲክ እጥፎች እርስ በርስ የሚተሻሹ ከሆነ፣ ወይም በቸርኬው ውስጠኛ ፊት ላይ የተረጨ ግሪስ ከታየ ማዕዘኑ በዝቷል። እስከ 50 ሚሊ ሜትር ድረስ አብዛኛው ይችላል። የመጀመሪያው መልስ እንዳለው ሌላ ስፔሰር ተደርቦ 100 ቢደርስ ግን ብራኬቶቹ በሙሉ በማይወርዱበት መኪና ላይ ሲቪ ፍጆታ ዕቃ ይሆናል።

መልስ 19

የካቢን መቀመጫ አቆራረጥ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንደጻፈው ከአነጋገሩ ይታወቃል። የሚቆረጠው የብራኬቱ ፊተኛ ከንፈር ብቻ ነው፤ የካቢኑ ላስቲክ የተቀመጠበት ጽዋ አይነካም፣ ብሎኑም አይፈታም። መጀመሪያ በስምንተኛው መልስ መንገድ ተለክቶ፣ ጠመኔው ያሳየው መስመር ላይ 10 ሚሊ ሜትር ታክሎ መቁረጫው መስመር ይሰመራል። የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል፣ በካቢኑ ውስጥ በዚያ በኩል ያለው ምንጣፍ ይገለጣል፣ ከሻንሲው ጋር የሚሄዱት የነዳጅና የፍሬን ቧንቧዎች በእርጥብ ጨርቅ ወይም በላሜራ ይሸፈናሉ፣ እሳት ማጥፊያም በአጠገብ ይሆናል። በግራይንደር ተቆርጦ የተከፈተው አፍ በ3 ሚሊ ሜትር ብረት ይዘጋል፤ ክፍት ከተተወ ብራኬቱ ጥንካሬውን ያጣል፣ ጭቃም ያጠራቅማል። ብየዳው በአጫጭር ስፌት፣ እያቀዘቀዙ፤ አለበለዚያ ከጀርባ ያለው የካቢን ላስቲክ ይቀልጣል። በመጨረሻ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ ከውስጥም ከውጭም።

ከብራኬቱ በላይ ያለው የካቢኑ ላሜራ ስፌት ጠርዝ ግን አይቆረጥም፤ በመዶሻ ወደ ኋላ ተኝቶ የተሰነጠቀው ማሸጊያ በአዲስ ይተካል። ስፌቱ ከተቆረጠ ሁለቱን ላሜራ የያዙት ነጥብ ብየዳዎች አብረው ይሄዳሉ። ፕላስቲኩ ደግሞ በሙቀት መንፊያ ተለስልሶ ወደ ኋላ ይገፋል፣ እስኪቀዘቅዝም በእጅ ይያዛል፤ ነጻ የቀረው ጠርዝ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይታሰራል።

መልስ 20

ሁለት መስመር፦ መሪው የሚገታበት ብሎን ባላቸው መኪኖች ላይ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሮንዴላ ማስገባት ጎማው መቀመጫው ጋ ሳይደርስ መሪውን ያቆመዋል። የመዞሪያ ክቡ ይሰፋል፣ ግን ምንም አይቆረጥም። እስከዚህ ድረስ ማንም ያላነሳው መሆኑ ይገርማል።

መልስ 21 እስከ 23

ክሩ እዚህ ጋ ተበተነ። አንዱ ስለ ፍጥነት መቁጠሪያ አነሳ፦ አዲሱ ጎማ በ7 በመቶ ስለሚበልጥ መቁጠሪያው ከድሮው ንባቡ 7 በመቶ ያህል ያንሳል፣ የተጓዘውን ኪሎ ሜትርም አሳንሶ ይቆጥራል። ሌላው በዚሁ ምክንያት የነዳጅ ፍጆታ የሚባባስ መምሰሉ ግማሹ የመቁጠሪያ ስህተት ነው ሲል አስረዳ፤ ግማሹ ግን እውነት ነው፣ ከባድ ጎማ ነውና። ሦስተኛው ፊቱ ከኋላው የበለጠ ስለተነሳ መብራቱ የሚመጣውን ሰው ዓይን እንደሚያሳውር፣ መብራቱንም ዝቅ አድርጎ መቃኘት የአላይመንቱን ያህል ግዴታ መሆኑን አሳሰበ። የጎማ ጥርስ ድምፅን የተመለከቱ ቅሬታዎችም ነበሩ፤ ልለፋቸው።

መልስ 24

ጠያቂው እንደ ቃሉ ተመለሰ፣ ቁጥር ይዞ። የስፔሰሩን ነገር ስድስተኛው መልስ አሳምኖታል፦ ስፔሰሩ ወጥቶ ለ50 ሚሊ ሜትር ከፍታ የተሠራ ሾክና ሞላ ገብቷል፣ ከጠባብ የላይኛው ብራቾ ጋር። ተንጠልጥሎ ሲለካ በብራቾውና በሞላው መካከል 9 ሚሊ ሜትር ተገኝቷል፣ ድምፁም ጠፍቷል። የታችኞቹ ካሞች ጎማውን ወደ ፊት አምጥተውታል፤ ካስተር በግራ 3.4፣ በቀኝ 3.6። ሰስፔንሽኑ እስከ ጥጉ ተጨቁኖ መሪው ዳር ሲደርስ በካቢን መቀመጫው ላይ የቀረው መነካካት 14 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 24 ተቆርጦ ተዘግቷል። ዜሮ ኦፍሴቱን አልቀየረውም፤ አሥራ ሁለተኛውን ይቅርታ ጠየቀ።

መልስ 25

ሳይመሰገን ያለፈ ጥሩ መልስ። የብራቾ ጎሚኒዎች ብሎን መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው በጎማው ላይ ቆሞ፣ ክብደቱ አርፎበት ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ላስቲኩ እዚያ ቦታ ላይ ይያዛል፣ መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ በጥቂት ወራት ይቀደዳል፣ ቁመቱም ውሸት ይሆናል። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁሉም ብሎን በቶርክ ቁልፍ ይፈተሽ፣ አላይመንቱም ሞላው ከተደላደለ ወዲህ እንደገና ይታይ ይላል።

መልስ 26

የመጨረሻው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። መክፈቻው ላይ የተጻፈው አራት ጎማና አራት ቸርኬ ነው፤ ከጭነት ሳጥኑ ስር የተንጠለጠለው አምስተኛው ምን መጠን ነው? የድሮው 776 ከሆነ ፊት ላይ ቢገባ በአንድ አክስል ላይ የ55 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይፈጥራል፣ ዲፍሬንሻሉን ሁልጊዜ ያሠራዋል፣ በአራቱም ጎማ ማስነዳትም የማይታሰብ ነው። አዲሱ 831 ከሆነ ደግሞ ከሳጥኑ ስር ያለው ቦታ ይችለው እንደሆነ ማንም አልለካም። ጠያቂው እስካሁን አልመለሰም።